የመጀመሪያው ገመድ

አክስቴ ቶራ በዕድሜዋ ሁለት ጊዜ «ላግባሽ» ተብላለች። ሁለቱንም ጊዜ የጠየቃት ያው አንድ ሰው ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አበላሸችው። እየወቀስኳት አይደለም። ብወቅሳትስ ደግሞ? ከእናቴ ይልቅ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ መውቀስ መብቴ ነው።

ሰውዬው ዊልፍሬድ ይባላል፤ እኛ ዊልፍ ነው የምንለው። ከደቡብ እንግሊዝ የመጣ ባሕረኛ ነበር። ወደ እኛ ቤት የገባው በእግሩ አይደለም፤ ተጎትቶ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በመጀመሪያው ጥቅምት፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ሾልኮ እኛ ወሽመጥ ገባና፣ መልሕቋን ጥላ የተኛችውን ትልቋን የጦር መርከብ መታት። ስንትና ስንት ልጅ በተኛበት ይዛ ሰጠመች። ጎህ ሲቀድ የደሴታችን የኦርክኒ ሰው ጀልባ ያለው በጀልባው፣ የሌለው በባዶ እጁ ወደ ባሕሩ ወረደ። ቶራ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ከታናሽ ወንድሟ ከማንሲ ጋር የአባታቸውን ጀልባ ገፍተው ወጡ።

ውሃው በመርከቧ ነዳጅ ጠቁሯል። ከነዳጁ መሀል አንድ ጭንቅላት ብቅ ጥልቅ ሲል አዩ።

«ሬሳ ነው፣ ተይው» አለ ማንሲ።

«ሬሳ ያስላል እንዴ?»

ማንሲ መቅዘፊያውን ያዘ እንጂ እጁን አልዘረጋም። ፈሪ ሆኖ አይደለም። እኛ ጋ ሽማግሌዎች የሚሉት ነገር አለ፦ ባሕር የጨበጠውን ሰው የነጠቀ፣ ባሕር ከገዛ ቤቱ ምትክ ይወስድበታል። ቄሱ በዚህ ይስቃሉ። ዓሣ አጥማጆቹ ግን አይስቁም፤ ዋና እንኳ የማይማሩት ለዚሁ ነው፤ ባሕሩ ከፈለገህ ምን ትታገላለህ ይላሉ። ቶራ ያን ሁሉ ረሳችው። በቀኝ እጇ ሰውየውን በፀጉሩ ጨምድዳ ጎተተችው።

ቤት ሲደርሱ አያቴ ጀሚማ ቅቤ አቅልጣ ፊቱን ትጠርግ ጀመር። ነዳጅ በውሃ አይለቅም፣ በቅቤ ነው። ከጥቁሩ ሥር ጠቃጠቆ የሞላበት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ብቅ አለ። ቶራ አፍጥጣ ቀረች። አያቴ ይህን አየች።

«ማን ነው ያወጣው?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«በየትኛው እጅሽ?»

ቶራ ቀኝ እጇን አሳየች። አያቴ እጇን ይዛ አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ወደ ቅቤዋ ተመለሰች። ክፉ ሴት አልነበረችም። የነበራትን ሾርባ በሙሉ ለዚያ ልጅ ሰጥታዋለች፤ ዓይኑን ግን አንድ ጊዜም አላየችውም።

የሚለብሰው ስላልነበረ የማንሲን አዲስ ሹራብ አለበሱት። ማንሲ ቅር አለው።

«ትመልሳታለህ፣ ሰማህ? እናቴ ክረምቱን ሙሉ የሠራቻት ናት።»

«ነፍሴን መልስ ብትለኝ ይቀለኛል» አለ ዊልፍ በተዘጋ ድምፁ። «ይህቺ ትሞቃለች።»

ቶራ ሳቀች። ከዚያ አፈረችና «ፀጉርህን ስለነጨሁህ ይቅርታ» አለችው።

«የቀረውም ያንቺው ነው።»

ከሰዓት በኋላ የጦር መኪና መጥቶ የተረፉትን ሰብስቦ ወሰደ። ዊልፍ እየደጋገመ ዞሮ አየ። ቶራ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችው። እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ አንድ ባሕረኛ በራችንን አንኳኳ። ሹራቧ ታጥባ፣ ታጥፋ፣ ክንዱ ላይ ነበረች። እዚሁ ወሽመጥ በጥበቃ ጀልባ ላይ ተመድቦ መምጣቱን ተናገረ። ተመደብኩ ይበል እንጂ፣ ለምኖ ነው የመጣው። በጦርነት ዘመን ኦርክኒን ለምኖ የሚመጣ ሰው የለም፤ ዛፍ እንኳ ነፋሱን ጠልቶ እኛ ጋ አይበቅልም።

«ይሄ ነፋስ መቼ ነው የሚያቆመው?» አላት አንድ ቀን፣ በድንጋዩ አጥር ጥግ ተከልለው።

«ሲያቆም ሁላችንም በግንባራችን እንደፋለን። ተደግፈነው ነው የቆምነው።»

በየእሑዱ መጣ። ማንሲ ሲጋራ ይቀበለዋል፤ በምትኩ መቅዘፍ ያስተምረዋል፣ ሲሳሳት ደግሞ «እንግሊዝ በእናንተ ነው እንዴ የምትጠበቀው?» እያለ ይተርበዋል። ሁለቱ ወንድማማች መሰሉ። ዊልፍ ግን አንድ ልማድ ነበረው፤ ደጅ ሲቀመጥ ሁልጊዜ ጀርባውን ለባሕሩ ይሰጣል። መርከቧ የሰጠመችበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይንሳፈፋል፤ ከእኛ ደጅ ፊት ለፊት ይታያል።

«ለምንድን ነው ባሕሩን የማታየው?» ብላ ጠየቀችው ቶራ።

«አንቺን ልይ ብዬ።»

«ውሸታም።»

አንገቱን ደፋ። ሲከፋው ጠቃጠቆው ይጎላል ትላለች አክስቴ። «ጓደኞቼ እዚያ ናቸው» አለ። «ጎን ለጎን ነበር የምንተኛው። አንዱ ሲያንኮራፋ ሌላው በካልሲ ይመታዋል። አሁን እኔ እዚህ ከቆንጆ ልጅ ጋር ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ካዩኝ ምን ይሉኛል?»

ቶራ እጁን ያዘችው፤ የያዘችው በዚያው በቀኝ እጇ ነው።

በሁለተኛው ክረምት «ላግባሽ» አላት። «እሺ» አለችው፣ ሳትግደረደር። እኛ ቤት መግደርደር የሚባል ነገር አልተፈጠረም። አያቴም እንቢ አላለችም። «ከጾሙ በፊት ይሁን» ብቻ ብላ ለሰርጉ የሚዞረውን ትልቁን የእንጨት ዋንጫ ከጎረቤት ተዋሰች። ሙሽሮቹ ትኩሱን መጠጥ ከጠጡ በኋላ እንግዳው በሙሉ ከዚያው አንድ ዋንጫ ይጎነጫል። ዋንጫው ታጥቦ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ማንሲ የባሕር ሸርጣን ወጥመዱን ሊያነሳ ወጣና አልተመለሰም። ቀኑ ብራ ነበር። ማዕበል የለ፣ ጭጋግ የለ። ጀልባዋ ውሃ ሳይገባባት ባዶዋን ተገኘች፤ እሱ በሦስተኛው ቀን ዳርቻ ላይ ተገኘ።

እኛ ጋ ሬሳ ሣጥን ወደ መቃብር የሚወርደው በስምንት ገመድ ነው። እያንዳንዱ ገመድ ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያው፣ የራስጌው፣ ለሟች የቅርብ ሰው ይሰጣል። ከቀብሩ በፊት የማን ገመድ የትኛው እንደሆነ ቁጥሩ በትንሽ ካርድ ተጽፎ ይታደላል። ካርድ ካልተሰጠህ ዘመድ አይደለህም፣ አለቀ። ለሴት ደግሞ ገመድ አይሰጥም፤ ሴት ቤት ነው የምትቀረው።

የማንሲን ገመዶች ያደለው አያቴ ነው፣ የጀሚማ ባል። የመጀመሪያውን ለራሱ አደረገ። የግርጌውን ለዊልፍ ሰጠው፣ አማች ሊሆን አይደል? ዊልፍ ካርዱን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ እንባው ካርዱ ላይ ሲንጠባጠብ ሰው ሁሉ አየ። ይህኔ አያቴ ጀሚማ ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣችና ካርዱን ከእጁ ወሰደችው።

«አንተ ገመድ አትይዝም» አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው። «ልጄ የሄደው በአንተ ቦታ ነው።»

አያቴ፣ ወንዱ ማለቴ ነው፣ ወለሉን አየ። ቄሱም ወለሉን አዩ። የዚያን ቀን ስለ ወለላችን ያልተመራመረ ወንድ አልነበረም። ቶራ እንኳ ምንም አላለችም። ዊልፍ እሷን ብቻ ነበር የሚያየው፤ አንዲት ቃል ፈልጎ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አጥሩ ጥግ ተገናኙ።

«ቶራ፣ ባሕር እኮ ሰው አይቆጥርም። ውሃ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እናቴ አንተ በዚህ በር ስትገባ እኔ በዚያ በር እወጣለሁ ብላለች። ልጇን ቀብራ መጣች ዊልፍ። እኔንም ልንጠቃት?»

«እንሂድ እንግዲያ። እኛ አገር እንሂድ። እናቴ ትወድሻለች፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ቶራ ልቧ እንደማይችል ስላወቀች፣ እሱን የሚያባርር ቃል ፈለገች። አገኘችም። የሚጎዳ ቃል ስትፈልግ ቶሎ ነው የሚገኘው።

«አንተን ባየሁ ቁጥር ማንሲን ነው የማየው» አለችው።

ውሸት ነበር። እሱን ባየች ቁጥር የምታየው እሱኑ ነበር፤ ግን አመናት። ያችን ሹራብ፣ ማንሲ «ከእኔ ይልቅ አንተን ትመስላለች» ብሎ የመለሰለትን ሹራብ፣ ከላዩ አውልቆ አጥሩ ላይ አደረጋት። በየካቲት ብርድ በሸሚዝ ብቻ ቁልቁል ሄደ። ቶራ አልጠራችውም። ዋንጫው ለባለቤቶቹ ተመለሰ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ። ጦርነቱ አለቀ፤ ዊልፍ አገሩ ገብቶ አገባ፤ ጆይስ የምትባል ልጅ ወለደ። ቶራ አላገባችም። አያቴን ስትጦር ኖረች፤ አያቴም ባሕር ሳይነካት በዘጠና ዓመቷ አልጋዋ ላይ ሞተች። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ሆድ ይፍጀው ብለው ዋጡት። እኔ በመካከላቸው ያደግሁ ስለሆነ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ጨው የሌለው ሾርባ እየጠጡ ማንም ጨው አለመጠየቅ ማለት ነው።

ከመርከቧ የተረፉት ሰዎች በየዓመቱ በጥቅምት ይመጡ ጀመር። በጀልባ ወደ አረንጓዴው ምልክት ወጥተው አበባ ይጥላሉ። አክስቴ አትወርድም። አጥሩ ላይ ተደግፋ ታያለች። ጀልባዋ ስትመለስ አንድ ሰው ሁልጊዜ ባርኔጣውን አንሥቶ ወደ እኛ ኮረብታ ይዞራል።

«አክስቴ፣ ያ ሰውዬ ለማን ነው ባርኔጣ የሚያነሣው?» እላታለሁ፣ እያወቅሁ።

«ለላሞቹ ነው» ትለኛለች።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ነው። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ በከዘራ፣ ያን ዳገት ወጥቶ በሩን አንኳኳ። እኔ ሻይ ለማፍላት ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ውሃው ሲፈላ ያልሰማሁት እዚያ ቆሜ ጆሮዬን ስለጣልኩ ነው።

«ጠቃጠቆህ የት ሄደ?» አለችው።

«እርጅና ሸፈነው። ፀጉሬንማ አንቺው ጨርሰሽዋል።»

ሳቁ።

«ያኔ ያልኩህ ውሸት ነበር» አለች ድንገት። «ማንሲን አልነበረም የማየው።»

«መች እንደገባኝ ታውቂያለሽ? ወደ አገሬ ስመለስ፣ ባቡሩ ውስጥ። ግን ልመለስ ስል የእናትሽ ዓይን ይመጣብኛል። ገመድ አልያዝኩለትም እኮ ቶራ። መቅዘፍ ያስተማረኝን ልጅ ገመድ ሳልይዝለት ተቀበረ።» ከዚያ «ላግባሽ» አላት።

«ሞኝ! በዚህ ዕድሜ?»

«የቀረኝ ይኸው ዕድሜ ነው፣ ሌላ ከየት ላምጣ?»

እኔ ጓዳ ውስጥ ሆኜ «እሺ በይ፣ አንቺ ሴትዮ፣ እሺ በይ!» እላለሁ በሆዴ። አክስቴ ግን የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ እያሻሸች «ለጥቅምት ና» አለችው። «በመጪው ጥቅምት ስትመጣ እነግርሃለሁ።»

«እመጣለሁ» አለ። ባርኔጣውን በሯ ላይ አነሣላት።

በሐምሌ ሞተ። ልቡ ነው አሉ።

በጥቅምት ልጁ ጆይስ መጣች። ጸጥ ያለች፣ የአባቷ ጠቃጠቆ ያለባት ሴት ናት። አመዱን በትንሽ የነሐስ ሣጥን ይዛ መጣች። ከመርከቧ የተረፉት፣ ከፈለጉ፣ ሲሞቱ ከጓደኞቻቸው ጋር የማረፍ መብት አላቸው፤ የባሕር ኃይል ጠላቂ ሣጥኑን ይዞ ይወርድና በመርከቧ ጎን በተቀደደው በኩል ያስገባዋል። ዊልፍም ይህንኑ ተናዝዟል።

«አንድ ነገር አደራ ብሎኛል» አለች ጆይስ። «ሣጥኑ ከጀልባ ወደ ጠላቂው የሚወርደው በገመድ ነው። የመጀመሪያው ገመድ የቶራ ነው፣ ለሌላ እንዳትሰጪ ብሎኛል። ሌላ ገመድ እንኳ የለም፣ አንድ ብቻ ነው።»

አክስቴ ፊቷ ደም መሰለ።

«አልይዝም» አለች። «እኔ ከባሕር አውጥቼው እኔው ልመልሰው? እናቴ የፈለገችው ይህን አይደለም እንዴ? ስድሳ ዓመት ሙሉ ብቻዬን የኖርኩት ባሕሩ እንዳይወስደው ነው!»

ተነሥታ ወጣች። ተከተልኳት። አጥሩ ጥግ ቆማ ነበር።

«አክስቴ፣ ባሕሩ እኮ አልወሰደውም። ራሱ ወድዶ ነው የሚሄደው።»

«የሚያናድደኝም እሱ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። «እነሱን መረጠ። በካልሲ የሚማቱትን! እኔ በክረምቱ ከማንሲ ጎን የመቃብር ቦታ ገዝቼ ነበር። ሁለት ሰው የሚይዝ።»

እሺ ልትለው ነበር ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ መልሷን ይዛ ጥቅምትን ስትጠብቅ ነበር፤ እኔ አብሬያት እየኖርኩ አላወቅሁም።

«ነግረሽው ነበር?»

«ለጥቅምት ብዬው ነበራ!» አለችና እንባዋ መጣ። ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ጆይስ ከኋላችን መጥታ እንደቆመች ያየናት ቆይተን ነው።

«አባቴ ስለ መቃብሩ ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ይናዘዝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እንቢ የምትይው መስሎት ነው። ‹መልሷ እንቢ ከሆነ ከእሷ ደጅ የሚታይ ቦታ ይበቃኛል› ነው ያለኝ።»

አክስቴ በማግስቱ ጠዋት ከክፍሏ ስትወጣ የማንሲን ሹራብ ለብሳ ነበር።

ማንሲ ከሞተ ወዲህ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። ስትሳፈር እኔ በአንድ ጎን፣ ጆይስ በሌላ ጎን ይዘን አስቀመጥናት። አረንጓዴው ምልክት ጋ ስንደርስ የጀልባው አዛዥ ገመዱን አየ፣ አክስቴን አየ፣ ራሱን አከከ። የደሴታችን ሰው ነው።

«እማማ ቶራ፣ አይክፋዎትና፣ እኛ ጋ ሴት ገመድ ይዛ አታውቅም።»

«ያኔም የያዝኩት እኔው ነኝ» አለችው። «በፀጉሩ ነው የያዝኩት። ወንዱ መቅዘፊያ ይዞ ነበር። በል አምጣ!»

አመጣ። ምን ያድርግ?

ጠላቂው ውሃው ውስጥ ሆኖ ሣጥኑን ጠበቀ። «ቦታው ሳስገባው ሁለት ጊዜ እስባለሁ፤ ያኔ ይልቀቁት» አላት። ገመዱ በእጆቿ መሀል ቀስ እያለ ወረደ። ወረደ፣ ወረደ። አክስቴ ዓይኗን ከውሃው አልነቀለችም፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ጆይስ ታለቅሳለች። እኔ የአክስቴን እጅ አያለሁ።

ገመዱ ቆመ። ብዙ ጠበቅን። ከዚያ ሁለት ጊዜ ተሳበ። እኔም አየሁት፣ እጇ ሁለት ጊዜ ወደ ታች ደንገጥ አለ፤ ከታች አንድ ሰው የሚጠይቃት ይመስል ነበር።

«እሺ» አለች አክስቴ። ጎንበስ ብላ ለውሃው ነው ያለችው። «እሺ ዊልፍ። እሺ።»

ቀኝ እጇን ከፈተች፤ ገመዱ ሄደ።

አዛዡ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ መሬት ዞረ። ነፋስ እንዳይመታት ብዬ ፊቷን ወደ እኛ እንድታዞር ነገርኳት፤ አልሰማችኝም። እስክንደርስ ድረስ ፊቷን ለባሕሩ ሰጥታ ተቀመጠች።